ለቤት የሚሆን የዳክዬ እንቁላል መፈልፈያ መኪና አመራረጥ

ጥቂት ዳክዬዎችን በጓሮው የሚያረባ ሰው አንድ ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እንቁላሉ በየማለዳው ይሰበሰባል፤ የሚታቀፈው ግን የለም። ፔኪን የሚባለው ነጭ ዳክዬና ካኪ ካምቤል የሚባለው ብዙ እንቁላል የሚጥለው ዳክዬ በሰው እጅ ለረጅም ዘመን ስለ ረቡ የመታቀፍ ጠባያቸውን አብዛኛውን ትተውታል። ስለዚህ አርቢው ወደ ከተማ ወጥቶ የእንቁላል መፈልፈያ መኪና ይፈልጋል። እዚያም ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ የሚሰፋ ውድ ዕቃ ይቀርብለታል፤ ወይም ዋጋው ረክሶለት ለዶሮ እንቁላል እንጂ ለዳክዬ ያልታሰበ መኪና ተሸክሞ ይመለሳል። ሁለቱም ጉዳት ነው፤ ይልቁንም የሁለተኛው ጉዳት የሚታወቀው ከ28 ቀን ድካም በኋላ ነው።

ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ መኪናው የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን ማመዛዘን ይገባል። ከሁሉ የሚረክሰው መፈልፈያ ለመታቀፍ የተነሣሣች የአገር ዶሮ ናት። አንዲት የአበሻ ዶሮ ከራስዋ እንቁላል 10 ወይም 12 የምትሸፍን ስትሆን፣ የዳክዬ እንቁላል ትልቅ ስለ ሆነ ከ5 እስከ 7 ብቻ ይሰጣታል። የዶሮ ጫጩት በ21 ቀን ሲፈለፈል የዳክዬ ግን 28 ቀን ስለሚፈልግ፣ ዶሮዋ አንድ ሳምንት ጨምራ እንድትቀመጥ እህልና ውሃ ከአጠገብዋ ማኖር ያሻል። እንቁላሉም ስለሚከብዳት እንደ ልብዋ ላታገላብጠው ትችላለችና ባለቤቱ በቀን ሁለት ጊዜ ያግዛት። ሙስኮቪ የሚባለው፣ በፊቱ ላይ ቀይ ሥጋ ያለበት ዳክዬ ደግሞ የመታቀፍ ጠባዩን ስላልተወ ሴቲቱ ራስዋ እንቁላልዋን ታቅፋ ታወጣለች፤ የእርስዋ ግን እስከ 35 ቀን ይደርሳል። በዓመት አሥር ወይም አሥራ አምስት ጫጩት የሚበቃው ሰው ሁለት ዶሮዎችን ቢያስታቅፍ መኪና መግዛት አያስፈልገውም።

ሌላው አስቀድሞ የሚታሰብ ነገር ገዢ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብዙ ሰው የዳክዬን ሥጋ የመብላት ልማድ ስለሌለው፣ ጫጩቱን ካሳደጉ በኋላ ገዢ ከመፈለግ ይልቅ ከአንዳንድ ሆቴሎችና የውጭ አገር ሰዎች ከሚመገቡባቸው ቤቶች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ገዢው በየወሩ ይህን ያህል እወስዳለሁ ካለ፣ ያን ጊዜ መኪና መግዛት ተገቢ ይሆናል።

የመኪናው ስፋት የሚወሰነው በዳክዬዎቹ ቍጥር እንጂ በሻጩ ምክር አይደለም። እንቁላል ሳይታቀፍ ከአንድ ሳምንት በላይ ከተቀመጠ የመፈልፈል ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ መኪናው ሊይዝ የሚገባው በ7 ቀን ውስጥ የተሰበሰበውን ብቻ ነው። ለምሳሌ አንድ አውራ ዳክዬና አራት ሴቶች ያሉት ሰው በቀን ሦስት እንቁላል ቢያገኝ በሳምንት 21 ይሆናል። ከዚህም ውስጥ የተሰነጠቀውን፣ ጭቃ የበዛበትንና ቅርጹ የተጣመመውን ቢያወጣ 18 ያህል ይቀረዋል። እንግዲህ 20 የዳክዬ እንቁላል የሚይዝ መኪና ለዚህ ሰው በቂ ነው። ሆኖም በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቍጥር ለዶሮ እንቁላል መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የፔኪን ዳክዬ እንቁላል 80 ግራም ያህል ሲመዝን የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል 60 ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ «48 ይይዛል» የተባለው መኪና ለዳክዬ ከ30 እስከ 35 ቢይዝ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዛሬ በገበያ የሚገኙት ትንንሽ የፕላስቲክ መኪናዎች አብዛኞቹ እንቁላሉን በራሳቸው የሚያገላብጡ ናቸው፤ ይህም እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን እንቁላሉ የሚቀመጥበት ጽዋ በዶሮ እንቁላል ልክ የተቀረጸ ከሆነ የዳክዬው አይገባም፤ ቢገባም ወደ ላይ ተቀስሮ ክዳኑን ይነካል። እንዲሁም 20 የዳክዬ እንቁላል 1.6 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ለቀላል ሸክም የተሠራው ትንሽ ሞተር በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ገዢው ወደ ሱቅ ሲሄድ ሦስት ወይም አራት የዳክዬ እንቁላል በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ይሂድና በጽዋው ላይ አስቀምጦ ይሞክር። ሻጩ ቢስቅ ይሣቅ። በጽዋ ፋንታ ተጠጋግተውና ተራርቀው የሚስተካከሉ ዘንጎች ያሉት መኪና ከተገኘ ለዳክዬ የሚሻለው እርሱ ነው።

በራሱ የማያገላብጥ መኪና ርካሽ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም። በቤት የሚውል ሰው ካለ በእጅ ማገላበጥ ይቻላል። እንቁላሉን ጋደም አድርጎ፣ በአንዱ ጎን የመስቀል፣ በሌላው ጎን የክብ ምልክት በእርሳስ እየጻፉ በቀን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ማዞር ነው። ቍጥሩ ጎዶሎ እንዲሆን የሚፈለግበት ምክንያት እንቁላሉ ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ እንዳያሳልፍ ነው። ካልተገላበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይሞታል። በ25ኛው ቀን ማገላበጥ ይቆማል፤ ለሙስኮቪ በ31ኛው ቀን።

መኪናዎቹ በሙቀት አሰጣጣቸው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ማራገቢያ ያለው ሲሆን አየሩ በሁሉ ስፍራ እኩል ስለሚሞቅ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግራድ ይበቃዋል። ሁለተኛው ማራገቢያ የሌለው ነው፤ በዚህኛው ሙቀቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ በእንቁላሉ የላይኛው ገጽ ልክ ሲለካ 38.5 ያህል መሆን አለበት። የዳክዬ እንቁላል ከዶሮው ወፈር ስለሚል፣ ለዶሮ ተብሎ ዝቅ ብሎ የተተከለ የሙቀት መለኪያ የዳክዬውን እንቁላል የላይኛውን ሙቀት አይነግረንም፤ ከፍ አድርጎ መትከል ያስፈልጋል። ዋጋቸው ብዙ ካልተራራቀ ማራገቢያ ያለውን እንመርጣለን።

የሙቀት ነገር ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ላይ የደረሰውን ብንናገር ለሌላው ይጠቅማል። የገዛነው መኪና በመስኮቱ ላይ 37.5 የሚል ቍጥር እያበራ ያሳይ ነበር፤ እኛም ቍጥሩን አምነን 18 እንቁላል አስገባን። በ26ኛው ቀን፣ ማለት ከሚገባው ሁለት ቀን ቀድሞ፣ አራት ጫጩቶች እትብታቸው ሳይደርቅ ወጡ፤ ሁለቱ በማግሥቱ ሞቱ። የቀሩት 14 እንቁላሎች ቢሰበሩ በውስጣቸው ላባ ያበቀሉ፣ ምንቃራቸው የተሟላ ጫጩቶች ሞተው ተገኙ። የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር ከመድኃኒት ቤት ገዝተን በውስጡ ብናስቀምጥ 38.6 አነበበ። የአንድ ዲግሪ ስሕተት ያን ሁሉ አጠፋ። የትኩሳት መለኪያው ዋጋ ከአንድ ደርዘን እንቁላል የማይበልጥ ነበርና ጸጸቱ የከፋ ሆነ።

ስለዚህ መኪና የሚገዛ ሁሉ የትኩሳት መለኪያም አብሮ ይግዛ። የሰው ትኩሳት የሚለካበት መሣሪያ ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ባለው መካከል በትክክል እንዲያነብ ተደርጎ የተሠራ ስለ ሆነ ለእንቁላል ሙቀትም የሚስማማ ፈራጅ ነው። የመኪናው ቍጥርና የትኩሳት መለኪያው ቍጥር ከተለያዩ በትኩሳት መለኪያው መመራት ነው። መኪናው ሲመረጥም ሙቀቱን በአሥረኛ ዲግሪ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚቻልበት መሆኑን መጠየቅ ይገባል፤ ከፋብሪካ በአንድ ቍጥር ታስሮ የመጣና የማይስተካከል መኪና ምንም ቢረክስ አይገዛም። በግብፅ በጭቃ ምድጃ እንቁላል የሚፈለፍሉ ሰዎች ከጥንት ዘመን ጀምሮ ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው እንቁላሉን በዓይናቸው ሽፋሽፍት ላይ እያስነኩ ሙቀቱን ያውቁ እንደ ነበር ይነገራል፤ ይህ ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ጥበብ ነውና ለጀማሪ አይበቃም።

የእርጥበት ነገር በደጋ

የዳክዬ እንቁላል ከዶሮው ይልቅ እርጥበት ይፈልጋል። እስከ 25ኛው ቀን ድረስ በመኪናው ውስጥ ያለው አየር እርጥበት 55 በመቶ ያህል፣ ከዚያ በኋላ እስኪፈለፈል ድረስ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን መልካም ነው። ነገር ግን እንደ አዲስ አበባና እንደ አስመራ ባለ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ አገር የሚኖር አርቢ ሌላ ችግር አለበት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ከእንቁላሉ ቅርፊት ቀዳዳዎች የሚወጣው ትነት ይፈጥናል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ኦክሲጅን ደግሞ ያንሳል። በበጋ ወራት የደጋው አየር ራሱ ደረቅ ስለ ሆነ ችግሩ ይጨምራል። ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ በቆላ አገር የተጻፈ ነውና ይህን አይናገርም። መጽሐፉ እንዳዘዘው ብቻ ያደረገ የደጋ ሰው፣ ጫጩቱ በመጨረሻው ሰዓት በደረቀ ሽፋን ተጠቅልሎ መዞር አቅቶት ሲሞት ያያል።

መድኃኒቱ የአየር ቀዳዳውን መድፈን አይደለም። ብዙ ሰው እርጥበቱ እንዳያመልጥ ብሎ ቀዳዳውን በጨርቅ ይደፍናል፤ በዚህም ጊዜ ሽሉ በመጨረሻው ሳምንት ኦክሲጅን አጥቶ ይታፈናል። የሚገባው የውሃውን ስፋት መጨመር ነው። ልብ ማድረግ የሚያሻው የሚተነው ከውሃው ፊት እንጂ ከጥልቀቱ አለመሆኑን ነው፤ አንድ ጥልቅ ኩባያ ከሞላ ውሃ ይልቅ አንድ ሰፊ ሳሕን ስስ ውሃ የበለጠ ያረጥባል። ስፖንጅ ወይም የጥጥ ጨርቅ ከውሃው ወጣ ብሎ ቢቆም ይጨምርለታል። ስለዚህ መኪና ሲመረጥ የውሃው መያዣ ሰፊ መሆኑንና ክዳኑን ሳይከፍቱ ከውጭ ውሃ መጨመር የሚቻል መሆኑን መመልከት ነው።

የእርጥበት መለኪያ ተብለው የሚሸጡት ርካሽ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ይሳሳታሉ። ለመፈተን ግን ቀላል መንገድ አለ። የገበታ ጨው በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አድርጎ ገንፎ እስኪመስል ድረስ በጥቂት ውሃ ማራስ፣ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ዘግቶ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ማቆየት ነው። በዚያ ዕቃ ውስጥ ያለው አየር እርጥበት 75 በመቶ ይሆናል። መለኪያው 68 ካለ 7 እንደሚያጎድል ታወቀ፤ በዚያ ልክ እየጨመሩ ማንበብ ነው።

ከመለኪያ ሁሉ የሚበልጥ ምስክር ግን ሚዛን ነው፤ ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው በደጋም በቆላም አይታለልም። እንቁላሉ ከገባበት ቀን እስከ 25ኛው ቀን ድረስ ከክብደቱ 13 በመቶ ያህል በትነት ማጣት አለበት። ለምሳሌ 10 እንቁላሎች በመጀመሪያው ቀን በአንድነት 800 ግራም ቢመዝኑ፣ በ7ኛው ቀን 29 ግራም ያህል፣ በ14ኛው ቀን 58፣ በ25ኛው ቀን 104 ግራም ቀንሰው 696 መሆን አለባቸው። ከዚህ በላይ ከቀነሱ አየሩ ደርቋልና ውሃ ይጨመር፤ ከዚህ ያነሰ ከቀነሱ ውሃው ይቀነስ። መፍትሔው በመካከል ስለሚታወቅ፣ የሚጠፋው አንድ ሳምንት እንጂ ሙሉው ወር አይደለም።

ብዙ የዳክዬ አርቢዎች ከ8ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 25ኛው ቀን በየቀኑ ክዳኑን ለ10 ደቂቃ ያህል ከፍተው እንቁላሉን ያቀዘቅዙታል፤ ለብ ያለ ውሃም ይረጩበታል። እናቲቱ ለምግብና ለውሃ ተነሥታ፣ እርጥብ ላባዋን ይዛ እንደምትመለስ ለመምሰል ነው። ይህን ለማድረግ ክዳኑ በቀላሉ የሚነሣ መኪና ያስፈልጋል።

የኃይልና የወጪ ነገር

ስድሳ ዋት የሚወስድ ትንሽ መኪና ሙቀቱ ሲደርስ ራሱ ስለሚያጠፋ በቀኑ ውስጥ ግማሹን ጊዜ ያህል ይሠራል ብንል፣ በ28 ቀን የሚፈጀው 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህ ከባድ ወጪ አይደለም። ከባዱ የኃይል መቋረጥ ነው። መብራት ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ቢጠፋ መኪናውን በብርድ ልብስ መሸፈን፣ የአየር ቀዳዳውን ግን አለመድፈን፣ ሙቅ ውሃ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎኑ ማኖር ይበቃል። እንቁላል ለጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ መፈልፈሉ ይዘገያል እንጂ ወዲያው አይሞትም፤ 40 ዲግሪን ያለፈ ሙቀት ግን በጥቂት ሰዓት ይገድለዋል። ስለዚህ ከሁለቱ ስሕተቶች የሚፈራው መሞቅ ነው።

የፎም ሣጥን ከፕላስቲኩ ይልቅ ሙቀት ስለሚይዝ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይመረጣል። በ12 ቮልት ባትሪ ጭምር የሚሠራ መኪና ከተገኘም ጥቂት ዋጋ ቢጨመርበት አይጎዳም። በአማካይ 30 ዋት የሚወስድ መኪና በአንድ ሌሊት 12 ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ደግሞ ከግማሹ በላይ ሳይራቆት 600 ያህል ስለሚሰጥ ሌሊቱን ያሳድራል። መብራት ባልደረሰበት ገጠር የላምባ ፋኖስ ያለው መፈልፈያ አሁንም ይሠራል። ከእነዚህም የቀድሞዎቹ ሙቀቱን የሚቆጣጠሩት ኤተር በሞላባት ስስ የብረት ቅጠል ነው፤ ኤተሩ ሲሞቅ ቅጠሏ ትነፋለች፣ ስትነፋም መክደኛውን ታነሣለች። የአየር ግፊት ሲያንስ ግን ቅጠሏ ቀድማ ስለምትነፋ፣ ከምጽዋ ወደ አስመራ የወጣ እንዲህ ያለ መኪና እንደ ገና ሳይስተካከል ቢቀር እንቁላሉን ያቀዘቅዘዋል።

እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው መኪናውን በቤቱ ሊሠራ ይችላል። የፎም ሣጥን፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ትንሽ ማራገቢያና ሙቀት የሚሰጥ ነገር ይበቃሉ። ቀድሞ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ባለ ሽቦ አምፖል ነበር፤ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ኤል ኢ ዲ አምፖል ግን ብርሃን እንጂ የሚበቃ ሙቀት ስለማይሰጥ ለዚህ አይሆንም። ባለ ሽቦው ከተገኘ አንድ ትልቅ ከማድረግ ሁለት ትንንሽ ማድረግ ይሻላል፤ አንዱ ሌሊት ቢቃጠል ሁለተኛው ያቆያልና። ሽቦውን ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይይልን፤ ውሃና 220 ቮልት በአንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው።

ከሁለት መኪናዎች የቱ እንደሚረክስ ለማወቅ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ማየት አይበቃም። ጀማሪ ሰው ካስገባቸው 20 እንቁላሎች 12 ጫጩት ቢያወጣና ይህን በዓመት አምስት ጊዜ ቢያደርግ በሦስት ዓመት 180 ጫጩት ይሆናል። የመኪናውን ዋጋ ለ180 ማካፈል ነው። ርካሹ መኪና ሙቀቱ ስለሚዋዥቅ ከ20 እንቁላል 6 ብቻ ካወጣ፣ ዋጋው የሚካፈለው ለ90 ነው፤ ከዚህም ላይ የጠፋው እንቁላል ዋጋ ይጨመርበታል። መለዋወጫ ዕቃ በከተማው መገኘቱንም መጠየቅ ነው፤ ማራገቢያው ወይም የሚያገላብጠው ሞተር ከተበላሸ የሚተካ የሌለው መኪና የአንድ ዓመት ዕቃ ነው።

መኪናው ቤት ከገባ በኋላ እንቁላል ሳይገባበት ሦስት ቀን ባዶውን ይሥራ። ፀሐይ ከማይመታው፣ ነፋስም ከማይገባበት ክፍል ይቀመጥ። በማለዳ፣ በቀትርና በሌሊት ሙቀቱን እያነበቡ መጻፍ ነው፤ ከግማሽ ዲግሪ በላይ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ወደ ሻጩ መመለስ ይገባል፤ ይህንንም ከመግዛት አስቀድሞ መዋዋል ነው። በእነዚያ ቀኖች እንቁላሉ ቀዝቃዛ በሆነ ስፍራ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ይቈይ። ዳክዬ በንጋት በጭቃም በሣርም ላይ ስለምትጥል እንቁላልዋ ይቈሽሻል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ግን ቈሻሻውን በቅርፊቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያስገባል። ንጹሑን መርጦ ማስገባት፣ ጥቂት የቈሸሸውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

በ7ኛው ቀን በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ አስጠግቶ ማየት ነው። ሕይወት ያለው እንቁላል እንደ ሸረሪት እግር የተበተኑ የደም ሥሮች ይታዩበታል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው አልሰረረምና ይውጣ። ያልወጣ እንደ ሆነ ይበሰብስና በሙቀቱ ውስጥ ይፈነዳል፤ ሽታውን አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ይህን ቀን ዳግመኛ አይረሳም።

የዳክዬ ጫጩት ቅርፊቱን ከሰነጠቀ በኋላ እስኪወጣ ድረስ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ክዳኑ አይከፈትም፤ ጫጩቱም በእጅ አይጎተትም፤ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ ነውና። ከ28ኛው ቀን ቀድመው ከወጡ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ነበር፤ ወደ 30ኛው ቀን ከዘገዩ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ለሚቀጥለው ዙር በዚያ መሠረት ይስተካከላል። ሁሉም ወጥተው ከደረቁ በኋላ መኪናው በዚያው ቀን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ፣ በተበረዘ በረኪና ተጠርጎ፣ በፀሐይ ይሰጣ። የፎም ሣጥን ቈሻሻ ስለሚመጥ ከውስጡ በኩል ሊለወጥ የሚችል ጋዜጣ ወይም ላስቲክ አስቀድሞ ማንጠፍ ነው።